ሃክልቤሪ ፊን ከክፍል ይውጣ ብላችሁ ለፈረማችሁ ወላጆች

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ልጆች ለምታሳድጉ ሁሉ ነው። በተለይ ግን ሰሞኑን ከቅዳሴ በኋላ በሚዞረው ወረቀት ላይ ስማችሁን ላሰፈራችሁ። ወረቀቱ እኔም ዘንድ ደርሶ ነበር። አንብቤ ሳልፈርም አሳለፍኩት። ያመጡልኝ እናት ቅር አላቸው። «አንተ ልጅ የለህም እንዴ?» አሉኝ። አለኝ። መጽሐፉንም አሁን ክፍል ውስጥ እያነበበች ነው። እዚያ ቆሜ ብዙ ማውራት ስላልተመቸኝ ምክንያቴን በጽሑፍ ላስረዳ።

ወረቀቱ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። የማርክ ትዌይን «የሃክልቤሪ ፊን ገጠመኞች» ጥቁሮችን የሚሰድብ ልብ ወለድ ነው። ኤን ወርድ (ጥቁሮችን የሚያዋርደው የስድብ ቃል) ሞልቶበታል። ባሪያውን ጂምን እንደ ሞኝ ይስለዋል። ስለዚህ ስኩል ቦርዱ ከንባብ ዝርዝሩ ይሰርዝልን።

ትክክል ናችሁ የምልበት ቦታ አለ። ቃሉ አለ፤ ከ200 ጊዜ በላይ ተጽፏል። ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ጥቁር ሆና የተቀመጠች ልጅ፣ አስተማሪው ያን ቃል ጮክ ብሎ ሲያነብና ሁሉም ዞር ብሎ ሲያያት ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም። «ልብ ወለድ እኮ ነው» ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው። የኖቤል ተሸላሚዋ ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን እንኳ መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበበች ጊዜ የተሰማት ፍርሃትና ድንጋጤ እንደነበር ጽፋለች። ይህን የጻፈችው በ1996 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። እዚያው ጽሑፍ ላይ ግን መጽሐፉን ከትምህርት ቤት ማስወጣት አዋቂዎችን ለማባበል እንጂ ልጆችን ለማስተማር እንዳልሆነ ተናግራለች።

የኔም ሐሳብ ወደዚያው ያደላል። ይህ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ስላቅ ነው። ስላቅ ደግሞ ማን ማንን እያሾፈበት እንደሆነ ካልታወቀ ስድብ ይመስላል። ልጆቻችን ላይ የደረሰውም ይኸው ይመስለኛል። መጽሐፉን ሰጧቸው፤ መክፈቻውን አልሰጧቸውም።

እስቲ ከሚያወራው ሰው እንነሳ። የሚያወራው ማርክ ትዌይን አይደለም፤ ሃክ ነው። 13 ወይም 14 ዓመት ቢሆነው ነው። እናት የለውም፤ አባቱ ሰካራም ነው። አገሩ ሚዙሪ ነው፤ ዘመኑ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ነው። ሚዙሪ ያኔ ባርነት ሕጋዊ የሆነባት ግዛት ነበረች። ትዌይን ራሱ ያደገው እዚያው፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው ሃኒባል ከተማ ነው። አባቱም ባሪያ ነበራቸው። ሃክ ከአባቱ ዱላ ሸሽቶ ይጠፋል። ጂም ደግሞ እመቤቱ ሚስ ዋትሰን በ800 ዶላር ወደ ኒው ኦርሊየንስ ልትሸጠው መሆኑን ሰምቶ ይጠፋል። ሁለቱ ተገናኝተው በአንድ የእንጨት ርብራብ ላይ ሆነው፣ ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየተጓዙ ወንዙን ይወርዳሉ።

ሃክ ልቡ ቅን ነው። ችግሩ፣ የሰማውና የተማረው ሁሉ አንድ ነገር ነው፦ ባሪያ ንብረት ነው፤ ባሪያ ማስመለጥ ሌብነት ነው።

ምዕራፍ 16 ላይ ጂም ነጻው ግዛት የተቃረበ መስሎት በደስታ ይለፈልፋል። ሠርቼ ገንዘብ አጠራቅማለሁ፣ ሚስቴን ከጌታዋ እገዛታለሁ፣ ከዚያ ሁለታችን ሠርተን ሁለቱን ልጆቻችንን እንገዛለን፣ ጌታቸው አልሸጥም ካለ ሰርቆ የሚያመጣልን ሰው እንፈልጋለን ይላል። ሃክ ይህን ሲሰማ ክው ይላል። ይህ ሰው ልጆቹን ሊሰርቅ ነው! እኔ የማላውቀው ሰው ንብረት የሆኑ ልጆች! አንድም ቀን ያልበደለኝ ሰው! ብሎ ይብሰለሰላል።

እዚህች ጋ ቆም በሉ። አባት የገዛ ልጆቹን «ሊሰርቅ» ነው፤ ልጁ የሚያዝነው ለጌታቸው ነው። ትዌይን ጣልቃ አይገባም። «አያችሁ፣ ባርነት እንዲህ ጭንቅላት ያጣምማል» አይልም። ልጁን ያናግረዋል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ቀሪው ሥራ የአንባቢው ነው።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አሽሙር እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። አዝማሪ ባለጌውን ባለሥልጣን በሙገሳ ሲወጋው ለመሳቅ አስተርጓሚ አንፈልግም። አንድ ልዩነት ግን አለ። አዝማሪው ወርቁን ያውቀዋል፤ እያወቀ ነው በሰም የሚሸፍነው። ሃክ አያውቅም። ሰሙን ብቻ ይዞ በቅን ልቡ ያወራል። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ ብቻዋን ስታነበው ሰሙን ብቻ ይዛ ብትቀር ምን ይገርማል?

ጂምን እንደ ሞኝ ይስለዋል ለሚለው፣ ምዕራፍ 23ን እዩልኝ። ጂም ሊነጋጋ ሲል ጭንቅላቱን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሮ ያቃስታል። ልጆቹ ናፍቀውታል። ከዚያ ለሃክ አንድ ነገር ይነግረዋል። ትንሿ ልጁ አራት ዓመቷ ሳለ በጠና ታማ ዳነች። አንድ ቀን «በሩን ዝጊው» አላት። ቆማ ፈገግ አለችበት። ደግሞ ተናገራት፤ ፈገግ አለች። ተናደደና በጥፊ መታት። ትንሽ ቆይቶ ነፋስ በሩን ከኋላዋ በኃይል ዘጋው። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። ለካስ በሽታው ጆሮዋን ደፍኖታል። ጂም ያቅፋታል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ግን ራሴን እስከ ዕድሜ ልኬ ይቅር አልልም እያለ ያለቅሳል።

ይህ የሞኝ ሥዕል ነው? የወላድ አንጀት ያላችሁ ፍረዱ። ሃክም ትንሽ ቀደም ብሎ ስለ ጂም ናፍቆት የሚለው ይህን ነው፦ ነጮች ቤተሰባቸውን የሚወዱትን ያህል እሱም የሱን የሚወድ ይመስለኛል፤ የተፈጥሮ ነገር አይመስልም፣ ግን እንዲያ ሳይሆን አይቀርም። ይቺ «የተፈጥሮ ነገር አይመስልም» የምትለው ሐረግ አንድ ሙሉ ሥርዓት የቆመባትን ውሸት ታጋልጣለች። የተናገራት ልጅ ግን ምን እንደተናገረ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃችሁ ልምጣ። ወረቀቱ ላይ በደማቁ የተጻፈው ከምዕራፍ 32 የተወሰደ ነው። ሃክ ሳሊ ፌልፕስ የተባለች ሴት ቤት ይደርሳል። ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ጋር አምታታዋለች፤ የወንድሟ ወይም የእህቷ ልጅ መስሏታል። እሱም በመርከብ እንደመጣ ሰው ሆኖ ይዋሻል። ምን አዘገየህ ስትለው ከመርከቡ ሞተር አንዱ ክፍል ፈንድቶ ነው ይላታል።

«በስመ አብ! የተጎዳ ሰው አለ?»

«የለም እትዬ። አንድ ኤን... ሞቷል እንጂ።»

«ታድላችኋል፤ አንዳንዴ እኮ ሰው ይጎዳል።»

ይህን ቆርጦ ለብቻው ያነበበ ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም። ዙሪያውን ስታዩት ግን ነገሩ ይገለበጣል። መርከብ የለም። ፍንዳታ የለም። የሞተ ሰው የለም። ሃክ ሁሉንም እዚያው ቆሞ ነው የፈጠረው። የመጣውም ጂምን ለማስፈታት ነው። ለዚህ ሲል ከምዕራፉ በፊት ገሃነም ለመግባት ቆርጧል። ውሸቱ እንዲያምርለት ሴትዮዋ የምታውቀውን ዓለም ቋንቋ ይናገራል። እሷም ሳታስብበት መልሱን ትሰጣለች።

የሚገርመው፣ ሳሊ ክፉ ሴት አይደለችም። ደግ ናት፣ እንግዳ ስታይ ነፍሷ ነው። ባሏ ሲላስ ገበሬም ሰባኪም ነው። በራሱ ወጪ ትንሽ ጸሎት ቤት ሠርቷል፤ ለስብከቱ አንድ ሳንቲም አይቀበልም። ጂምን ደጃቸው ባለች ጎጆ ውስጥ በሰንሰለት አስሮ ያስቀመጠውም እሱ ነው። ባለቤቱ እስኪገኝ። ጂም በኋላ ለሃክና ለጓደኛው ለቶም ሶየር ሲነግራቸው፣ ሲላስ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ እየመጣ አብሮት ይጸልያል። ሳሊም ተመችቶት እንደሆነና በልቶ እንደጠገበ ለማየት ብቅ ትላለች። ሁለቱም በጣም ደጎች ናቸው ይላል።

ሰንሰለቱ እግሩ ላይ እንዳለ ነው የሚጸለይለት። ከዚህ የባሰ ክስ ባርነት ላይ በሰላማዊ ሰልፍም አይቀርብም። ትዌይን ጅራፍ የያዘ ጨካኝ ጌታ ቢያመጣልን ኖሮ ሁላችንም አውግዘነው መጽሐፉን እንዘጋ ነበር። እሱ ያመጣው የምንወዳቸውን ሰዎች ነው። መጽሐፉ እስከዛሬ የሚቆረቁረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ምዕራፍ 31ን የዘለለ ሰው ይህን መጽሐፍ አላነበበውም ባይ ነኝ። ጂም ተሽጧል። ሃክ ለብቻው ቁጭ ብሎ ያስባል። ሰንበት ትምህርት ቤት ብሄድ ኖሮ፣ ባሪያ የሚያስመልጥ ሰው ዘላለማዊ እሳት እንደሚጠብቀው ይነግሩኝ ነበር ይላል። ሊጸልይ ይንበረከካል፤ አልሆንልህ ይለዋል። ስለዚህ ንስሐ ሊገባ ይወስናል። ንስሐው ምን መሰላችሁ? ለሚስ ዋትሰን ደብዳቤ መጻፍ። ያመለጠው ባሪያሽ እዚህ ቦታ አለ፣ ወሮታውን ከላክሽ ይሰጡሻል ብሎ ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ ከኃጢአት ሁሉ ታጥቦ የነጻ ያህል ይቀለዋል።

ግን ወዲያው አይጸልይም። ወረቀቱን አስቀምጦ ማሰብ ይጀምራል። ጂም በሌሊት፣ ጂም በጨረቃ፣ ጂም በማዕበል ይታየዋል። ተራው ሲደርስ እኔን እንዳይቀሰቅስ የኔንም ሰዓት ደርቦ ይጠብቅልኝ ነበር። ጉሙ ውስጥ ጠፍቼ ስመለስ እንዴት ደስ አለው! በዓለም ላይ ያለኝ ጓደኛ አንተ ብቻ ነህ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ዞር ሲል ደብዳቤው ይታየዋል። ያነሳዋል። እየተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያስባል። «እሺ፣ እንግዲያው ገሃነም እገባለሁ» ይልና ይቀደዋል።

እዚህም ሃክ ትክክል ሠራሁ አይልም። ኃጢአተኛ ሆንኩ ነው የሚለው። ትዌይን በ1895 ማስታወሻው ላይ ይህን መጽሐፍ ሲገልጸው ጤነኛ ልብና የተጣመመ ሕሊና ተጋጭተው ሕሊናው የሚሸነፍበት ነው ብሏል። ሕሊናን ያጣመመው ማነው? መንደሩ፣ ሕጉ፣ ስብከቱ። በሰንበት ትምህርት ቤት ላለፍን ሰዎች ይህ ለመዋጥ ይከብዳል። ቢከብድም ለልጆቻችን የሚጠቅም ክብደት ነው።

መጽሐፉ በባርነት ብቻ አይቆምም። የሃክ አባት አንድ ጊዜ መንግሥትን ሲረግም ይውላል። ለምን? ከኦሃዮ የመጣ ነጻ ጥቁር ፕሮፌሰር አይቷል። ልብሱ ያማረ፣ የወርቅ ሰዓት ያሰረ፣ ብዙ ቋንቋ የሚናገር። በአገሩ ድምፅ መስጠት ይችላል ሲባል አባትየው አበደ። ዳግመኛ አልመርጥም አለ። ያን ዕለት እሱ ራሱ ሊመርጥ ነበር፤ ከሰከረ ግን እንጃ። ማንበብ አይችልም፤ ልጁ ማንበብ ቻለ ብሎ የሚደበድብ ሰው ነው። ይህን ገጽ ያነበበ ተማሪ «የበላይ ዘር» የሚባለውን ቀልድ በደንብ ይረዳዋል።

ደም የተቃቡት ሁለቱ ቤተሰቦችም አሉ፤ ግሬንጀርፎርዶችና ሼፐርድሰኖች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ሁለቱም ወገን ጠመንጃውን በጉልበቱ መካከል ይዞ ይቀመጣል። ስብከቱ ስለ ወንድማማች ፍቅር ነው። ሲወጡ ሁሉም ግሩም ስብከት ነበር ይላል። በማግስቱ ይገዳደላሉ። ጠቡ በምን እንደተጀመረ የሚያስታውስ የለም። ደም መመለስን ከወሬም ከታሪክም ለምናውቅ ሰዎች ማብራሪያ አያሻም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጄ ናት ያሳየችኝ፤ እኔ አልፌው ነበር። 40 ዶላር። ባሪያ አሳዳጆቹ ሃክ ላይ አዝነው የሚሰጡት ሁለት ባለ 20 ዶላር ወርቅ ነው። አጭበርባሪው «ንጉሥ» ጂምን የሚሸጠው በ40 ዶላር ነው። መጨረሻ ላይ ቶም ሶየር ጂምን በትዕግሥት እስረኛ ስለሆንክልን ብሎ የሚሰጠውም 40 ዶላር ነው። ሽያጩም፣ ርኅራኄውም፣ ካሣውም አንድ ዋጋ። ትዌይን አስቦበት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ልጅቷ ግን አስባበታለች። ይህቺን ልጅ ነው እንግዲህ ከመጽሐፉ እንጠብቃት የምንለው።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። መጨረሻው ይሰለቻል። ቶም ሶየር መጥቶ የጂምን ማምለጥ የልጆች ጨዋታ ያደርገዋል። አይጥና እባብ ጎጆው ውስጥ ይለቃል፤ ጂምን በከንቱ ያንገላታዋል። በኋላ ሲታወቅ፣ ሚስ ዋትሰን ከሁለት ወር በፊት ሞታለች፤ በኑዛዜዋ ጂምን ነጻ አውጥታዋለች። ቶም ይህን እያወቀ ነው የተጫወተው። ደራሲው ሄሚንግዌይ ዘመናዊው የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ሁሉ ከዚህ መጽሐፍ ነው የወጣው ብሎ ካሞገሰ በኋላ፣ ጂም የተሰረቀበት ቦታ ላይ አቁሙ፤ ቀሪው ማጭበርበር ነው ብሏል። ከዚህ በተለየ የሚያነቡትም አሉ። መጽሐፉ አሜሪካ ውስጥ የታተመው በ1885 ነው። ባርነት ከቆመ 20 ዓመት ሆኖታል። ነገር ግን የፌዴራሉ ወታደር በ1877 የደቡቡን ጉዳይ ትቷል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የ1875ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ በ1883 ሽሮታል። በወረቀት ነጻ የወጣ፣ በተግባር ግን የሌሎች መጫወቻ ሆኖ የታሰረ ጥቁር ሰው፣ በዚያ ዓመት ለነበረ አንባቢ የልጆች ጨዋታ ብቻ ነበር? እኔ ወደዚህኛው አስተያየት አደላለሁ። ቢሆንም ምዕራፎቹ መርዘማቸው አይካድም። ጂም ላይ አልፎ አልፎ የሚታየው የቲያትር ቀልድም፣ ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው ጥቁሮችን ያሾፉበት ከነበረው መድረክ የመጣ ነው። ጥቁሩ ደራሲ ራልፍ ኤሊሰን ይህን በግልጽ ተችቶታል፤ ጂም ከዚያ ጭምብል ሥር ብቅ የሚል ሰው እንደሆነም ጽፏል።

ደራሲው በኑሮውስ? አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ትዌይን ዋርነር መክጊን ለተባለ ጥቁር የሕግ ተማሪ የዬል ዩኒቨርሲቲ ቆይታውን ወጪ ሸፍኖለታል። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ሰብአዊ ክብራቸውን ያደቀቅነው እኛ ነን፣ ኀፍረቱም የኛ ነው፣ ልንከፍልበት ይገባል ብሏል። መክጊን በኋላ እዚሁ ባልቲሞር ታዋቂ ጠበቃ ሆኖ፣ ኋላ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነውን ተርጉድ ማርሻልን ደግፏል።

መጽሐፉን ማገድ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ያገዱት የማሳቹሴትሷ የኮንኮርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሰዎች ናቸው፤ በ1885። ያኔ ማንም ስለ ጥቁር ክብር አላነሳም። ሃክ ባለጌ ነው፣ ቋንቋው ይሸታል፣ ለድሆች ሰፈር እንጂ ለኛ አይሆንም ነበር ያሉት። ትዌይን ይህ ነገር 25,000 ቅጂ ይሸጥልናል ብሎ ተደሰተ። በ1982 ደግሞ እዚሁ አጠገባችን፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ አንድ ጥቁር የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ መጽሐፉ ይወገድ ብሎ ተነሳ። የትምህርት ቤቱ ስም ማን ይባላል? ማርክ ትዌይን። ትዌይን ራሱ ቢሆን ይህን ያህል አይፈጥርም። በ2016 የቨርጂኒያው አኮማክ ካውንቲ በአንድ ወላጅ አቤቱታ ለጊዜው አንስቶ ብዙም ሳይቆይ መለሰው። በ2011 ደግሞ አንድ አሳታሚ ቃሉን በሙሉ አውጥቶ «ስሌቭ» (ባሪያ) በሚል ተካው። አሳቡ ደግ ነው። ቃሉ ሲወጣ ግን ሳሊ ፌልፕስም አብራ ትነጻለች። እኔ ሳሊ እንዳለች ትታይ ባይ ነኝ።

አንድ ደስ የማይል ነገር ደግሞ ልናገር፤ አትቀየሙኝ። ኤን ወርድን ተቃውመን ስንፈርም፣ ቤታችን ውስጥ «ባሪያ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደዋዛ እንደምንጥለው ልጆቻችን ይሰማሉ። የሰውን ቆዳ፣ አፍንጫ፣ ጸጉር እያነሳን። «እኛ ከነሱ እንለያለን» ስንልም ይሰማሉ። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው። የብዙዎቻችን አያቶች ያኔ ነፍስ ያወቁ ሰዎች ነበሩ። ደግ፣ ጾመኛ፣ እንግዳ ተቀባይ አያቶች። ሳሊ ፌልፕስን ከመጽሐፉ በፊት ያገኘናት ቤታችን ነው ብል ውሸት ነው? ልጆቻችን መጽሐፉን በደንብ ቢያነቡት ይህንንም ጥያቄ ይዘውብን መምጣታቸው አይቀርም። ይምጡ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አቤቱታውን እንድትተዉ አይደለም። ስኩል ቦርዱ ፊት ብዙ ሆነን መቅረባችን ጥሩ ነው፤ እኛ ሐበሾች ለልጆቻችን ትምህርት ብዙ እንደክማለን፣ ስብሰባ ላይ ግን ወንበራችን ባዶ ነው። አቤቱታው ይቀየር ነው የምለው። «ይሰረዝ» የሚለው ይውጣና «እንዲህ ተደርጎ ይሰጥ» ይባል። ቃሉ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ አይነበብ፤ በአስተማሪም በተማሪም። ንባቡ ከመጀመሩ በፊት ለወላጅ ደብዳቤ ይላክ። ስላቅና ምጸት ምን እንደሆኑ፣ ባርነት በሚዙሪ እንዴት እንደነበር መጀመሪያ ይሰጥ፤ ሃክ ከዚያ ይምጣ። ጂም ብቻውን ባርነትን ወክሎ እንዳይቆም፣ ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 የጻፈው የሕይወት ታሪኩ አብሮ ይነበብ። ለትልልቆቹ ደግሞ ፐርሲቫል ኤቨረት በ2024 ያወጣው «ጄምስ» አለ። ያው ታሪክ ነው፤ የሚያወራው ግን ጂም ነው። ነጮች ፊት ብቻ የተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ለብቻው ሲሆን መጽሐፍ የሚያነብ ጂም። የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ልጅ ለማንም አይሸወድም።

ልጄ አትችለውም፣ ከብዷታል የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ለእሷ ብቻ ሌላ መጽሐፍ እንዲሰጣት መጠየቅ ትችላላችሁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ይፈቅዳሉ። የአንድ ልጅ መጽሐፍ መቀየርና የሁሉንም መከልከል ለየቅል ናቸው።

ፊርማ የምታሰባስቡት ወንድሞችና እህቶች፣ ረቂቁን አብሬያችሁ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ። በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም። መጽሐፉ የባለቤትነት መብቱ ካለፈ ቆይቷል፤ በነጻ ይገኛል፣ ሰፈራችሁ ያለው ላይብረሪም አለው። ከመገናኘታችን በፊት ምዕራፍ 31ንና 32ን አንብባችሁ ኑ፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ካነበባችሁ በኋላም ይሰረዝ የምትሉ ካላችሁ እዚያው ፊት ለፊት እንከራከራለን።

አክባሪያችሁ፣
የአንዲት 11ኛ ክፍል ተማሪ አባት